ከጋሽ ሰዓት በታች ያለው ክፍል

አጎቴን ማሽን ሊገድለው ነው ብዬ ለእናቴ ያሳበቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል፣ የፊት ጥርሴ ወልቋል፣ ግን ዓይን አለኝ። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጎርሶ ይተወዋል። ጺሙን አንድ ቀን ይላጫል፣ አንድ ቀን ይረሳዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ደንበኛ ሲወጣለት በሩን ገርበብ አድርጎ ከማሽኑ ጋር ያወራል።

«ምን ይለዋል?» አለች እናቴ። ነርስ ናት፤ ከተረኛነት ገብታ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር።

«‹እርስዎን ካላስቸገርኩ› ይለዋል።»

«ማሽኑን አንቱ ይለዋል?»

«አዎ! ይፈራዋላ!»

እናቴ ፎጣውን አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ወይ የኔ ወንድም» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ዝም አይነቅዝም እያለ ዝም ብሎ ሊያረጅ ነው።» ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ወንድሟ እየሞተ የምትስቅ እናት ስለሰጠኝ ግን ፈጣሪን ታዘብኩት።

አጎቴ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ሰፈርተኛው ካቻቢቴ ነበር የሚለው፤ ካቻቢቴው እንደ ጸሐፊ እርሳስ ከጆሮው ላይ ወርዶ ስለማያውቅ ነው። እናቴ፣ እሱና እኔ ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል እንኖራለን። ከላያችን፣ ፎቁ ላይ፣ አከራያችን አሉ። ከባቡር ጣቢያ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ጋሽ ሰዓት እላቸዋለሁ። ግድግዳቸው ላይ ቁመቱ እኔን የሚያክል ባለ ፔንዱለም ሰዓት ተሰቅሏል። በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል፤ ሲደውል የሱቃችን ጣራ ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ይንጫጫሉ። በግድግዳ የሚዋሰነን ደግሞ በያጅ ነው። ሰዓቱ ሲያርፍ እሱ ብረት ይቀጠቅጣል። በዚህ መሃል የሚያወራ ሰው ሐሳቡን ከፋፍሎ ነው የሚያወራው።

እትዬ ሹራብ የመጣችው በዝናብ ቀን ነው። በእጇ ሹራብ እየሠራች ጀምራ፣ አሁን በመንገዱ ማዶ የራሷ ትንሽ ቤት ውስጥ በማሽን የምትሠራ ሴት ናት። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቡናማ ኮምፒውተር ነው፤ ቁልፎቹና ሆዱ አንድ ላይ የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ካልተገናኘ ምንም የማያሳይ ድንቡሽ ያለ ነገር።

«ወንድሜ ነው የላከልኝ» አለች። ስትናገር ትቸኩላለች፣ ስትናገርም ሳትናገርም ፊቷ አይፈታም። «ሹራብ መሥሪያዬን የሚያዘው ይኼ ነው። አበባ ሥራ ስለው ይሠራል። መስመር ሥራ ስለው ይሠራል። ጉጉት ሥራ ስለው ድርቅ ይላል።»

«ጉጉት?» አለ አጎቴ።

«የአዲሱ ትምህርት ቤት ምልክት ነዋ! የተማሪዎቹን ሹራብ ሁሉ እኔ እንድሠራ ተስማምተናል። ርእሰ መምህርቷ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ናሙናውን ካላየች ግን ለፋብሪካ ትሰጠዋለች። እሱን ካጣሁ ደግሞ እዚህ ምን ይዤ እቀመጣለሁ? ማሽኑን ሸጬ ወንድሜ ዘንድ መሄዴ ነው።»

«ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

አጎቴ ካቻቢቴውን ከጆሮው ላይ አወረደ። «እንሞክራለን» አለ፤ «እርስዎን ካላስቸገርኩ፣ መሥሪያውንም እዚሁ ቢያመጡት።»

እኔ በልቤ ትሂድ አልኩ። ባለ ሦስት እግር ብስክሌቴ ጎማው ወልቆ ጥግ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ እሷ ከመጣች በኋላ ተራ የሚባል ነገር ቀረ። ደግሞ አጎቴ እንደማይወዳት ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። በያጁን አንተ ይላል፣ ፖስተኛውን አንተ ይላል፣ በዕድሜ የምትበልጠውን እናቴን እንኳ አንቺ ይላል። ከጋሽ ሰዓት በቀር እሷን ብቻ ነው አንቱ የሚለው። እሷ ደግሞ በአጸፋው «አንተ ሰውዬ» እያለች ታመናጭቀዋለች። እንግዲህ ጠላትነት ከዚህ ወዲያ ምን አለ?

ችግሩ የቦታ ነበር። ጉጉቱ ከነላባው ትልቅ ሥዕል ነው፤ የማሽኑን ሜሞሪ ሞልቶ ቁጭ ሲል መርፌዎቹን የሚያዘው ፕሮግራም መቀመጫ ያጣል። አጎቴ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገዘ ሲያነብ፣ ሲያፏጭ፣ ጸጉሩን ሲነጭ ሰነበተ። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ በአሴምብሊ ሊጽፈው ተነሣ፤ ማሽኑ ያለ አስተርጓሚ በሚሰማው ቋንቋ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጠዋት ከመቀመጫው ብድግ አለና ጣቱን ወደ ጣራው ቀሰረ።

«አገኘሁት! ይኸውልዎት፣ ማሽኑ ውስጥ ሮም የሚባል አለ። ፋብሪካው አንዴ የጻፈው ነው፤ አይፋቅም፣ አይጨመርበትም። ቁልፍ ሲነኩ ፊደሉን የሚያወጣው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ልክ እንደ ጋሽ ሰዓት። የድሮውን አይረሱም፣ አዲስ ነገር ደግሞ አይገባቸውም።»

«እሺ» አለች እትዬ ሹራብ፣ ክንዷን አጣጥፋ።

«አሁን ከሳቸው ስር፣ በዚያው በሳቸው የቤት ቁጥር፣ ባዶ ክፍል አለ። ማንም አያየውም፣ ማንም አይኖርበትም። ፕሮግራሙን እዚያ እደብቀዋለሁ። ሥራ ሲደርስ ጋሽ ሰዓትን ለትንሽ ጊዜ ከቤት እናስወጣቸዋለን፣ የታችኛው ሥራውን ይሠራል፣ ከዚያ እንመልሳቸዋለን። አላወቁ፣ አልሰሙ።»

እኔ ከጠረጴዛው ስር ሆኜ ደነገጥኩ። ጋሽ ሰዓት ከኪሳቸው ከረሜላ የማይጠፋ፣ እኔን «ጣቢያ ማስተር» የሚሉኝ ሰው ናቸው። ምን በደሉን ነው የምናስወጣቸው?

ዛሬ ደመወዜን የማገኘው እኔም ከኮምፒውተር ነው፤ ለሊፍቶች ፕሮግራም እጽፋለሁ። አጎቴ ያን ቀን የተናገረው በጣም ትክክል ነበር፤ ምሳሌው ብቻ ለሰባት ዓመት ልጅ አደገኛ ነበር። እኔ ምሳሌ መሆኑን አላወቅሁም። የኛው ቤት፣ የኛው ሽማግሌ፣ የኛው ማሽን፤ የአንዱ ነገር ከአንዱ የተያያዘ ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ሙሉ እንዲህ ነበር። አጎቴ ፕሮግራሙን የቀዳበትን ካሴት ይከታል። ካሴቱ ሲጭን በር ጅራቷን እንደያዘባት ድመት ይጮኻል። ሲጨርስ አጎቴ በዚያ የቤት ቁጥር ምን እንዳለ ማሽኑን ይጠይቃል። ማሽኑ ቁጥሮች ያወጣል። አጎቴ ያያቸውና ፊቱ ይጠቁራል።

«አልገባም። የድሮው ነው ያለው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«እንደገና እጭነዋለሁ።»

ካሴቱ እስኪያልቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሷ ጉልበቷ ላይ ያለውን ክር ታጠነጥናለች። እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔ የምልዎት…» ይላል። ከላይ ሰዓቱ ይደውላል። አጎቴ አፉን ይዘጋል፣ እስኪያበቃ ጣራውን ያያል፣ ካበቃ በኋላ ሊል የነበረውን አይልም። ሌላ ጊዜ ደግሞ «እርስዎን ካላስቸገርኩ፣ አንድ ነገር…» ሲል በያጁ ይጀምራል። ቋ! ቋ! ቋ!

«ምን ልትል ነበር?» ትለዋለች።

«አይ፣ ምንም።»

እሷ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። ክሯን ታጠነጥናለች። አጎቴ ለሰዓቱ አክብሮት የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር፤ ሰው ሲናገር አቋርጦ እንደመናገር ያለ ነውር ቆጥሮት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ስንት ጊዜ ጻፍኩት፣ ስንት ጊዜ ጫንኩት፤ ባየሁት ቁጥር የድሮው ነው። አይቀበልም።»

እትዬ ሹራብ መሥሪያዋ ላይ ለሙከራ አበባ እየሠራች ነበር። ክር ይዞ በመርፌዎቹ ላይ የሚመላለሰውን ሯጭ በእጀታው ይዛ አቆመችው።

«ስታየው ማንን ጠይቀህ ነው?»

«ቁጥሩን ነዋ። የቤት ቁጥሩን።»

«በዚያ ቁጥር በሩ ሲንኳኳ ማነው ከፍቶ አቤት የሚለው?»

አጎቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አሁን አፉን ያዘጋው ሰዓቱ አልነበረም።

«ጋሽ ሰዓት» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ እሳቸው ስለ ታችኛው ክፍል ምን ያውቃሉ? የራሳቸውን ነው የሚነግሩህ!» የጀመረችውን ሹራብ ጫፉን ገልብጣ አሳየችው። «እኔ ስሠራ ወደኔ የሚዞረው ጀርባው ነው። አበባው በዚያ በኩል ነው ያለው። አበባ አላየሁም ብዬ የምተረትር ቢሆን እስከ ዛሬ አንድ ሹራብ አልጨርስም ነበር።»

አጎቴ ግንባሩን በመዳፉ መታ። የጻፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታች ገብቶ ተቀምጦ ነበር። መጻፍ ታች ይገባል፣ መጠየቅ ደግሞ ከላይ ይመለሳል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ስንት ቀን ሙሉ የተሳካለትን ነገር አልተሳካም እያለ ሲደግመው ከርሟል።

«እንግዲያው እናስነሣው!» አለና ሽማግሌውን አስወጣ። ማለቴ፣ በማሽኑ ውስጥ። ያኔ እኔ ወደ ጣራው ነበር ያየሁት፤ የጋሽ ሰዓት ዱካ አልተሰማም። የቴሌቪዥኑ መስኮት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተበጠበጠና ማሽኑ ድርቅ አለ።

እትዬ ሹራብ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት፤ ስትሄድ ልሰናበታት እንጂ በክፋት አይደለም። ከውኃ በርሜሉ ጀርባ ቆማ ዓይኗን በእጅጌዋ ትጠርጋለች።

«አቧራ ነው» አለችኝ።

ዘንቦ ያደረበት ጓሮ ውስጥ አቧራ! ሰው ሲያለቅስ አይቼ ትሂድ ማለት ደግሞ አልችልም። «አጎቴ ስለሚጠላሽ ነው?» አልኳት።

«ይጠላኛል እንዴ?»

«አንቱ ይልሻል እኮ! የሚፈራውን ነው አንቱ የሚለው። ማሽኑንም አንቱ ይለዋል።»

«ማሽኑን?»

«ብቻውን ሲሆን። ‹እርስዎን ካላስቸገርኩ ባይሄዱ› ይለዋል። ‹እርስዎ ከሄዱ ይሄ መንገድ ምን ይሆናል› ይለዋል። ከዚያ ‹አይ፣ እንዲህ አይባልም› ይልና እንደገና ይጀምራል።»

ጎንበስ ብላ አየችኝ። ፊቷ ሲፈታ ያን ቀን ነው ያየሁት፤ አንደኛው ጉንጯ ላይ ስርጉድ አለ። «ሌላስ ምን ይለዋል?» አለች። የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳት፣ ያላስታወስኩትንም ጨመርኩበት። ስጨርስ አፍንጫዬን በዚያው በእጅጌዋ ጠረገችልኝና ተያይዘን ገባን።

አጎቴ ያለቅስ ይሆናል ስል እሱ እየተንጎራደደ ነው። «ደወሉ ነው!» አለን። «ማሽኑ ውስጥ በየቅጽበቱ የሚደውል ደወል አለ። ሰምተው የሚመልሱት ጋሽ ሰዓት ናቸው። እሳቸውን አስወጥተን ሳለ ደወሉ ከጮኸ አቤት የሚል የለም፣ ቤቱ ይበጠበጣል። መጀመሪያ ደወሉን ዝም ማሰኘት፣ ከዚያ እሳቸውን ማስወጣት! ነገ ጠዋት ርእሰ መምህርቷ ሳትመጣ እናስነሣዋለን።»

እኔ እንግዲህ ሥራዬን አወቅሁ።

ዓርብ ጠዋት እሱ ቁልፎቹን ሲነካካ፣ እሷ ክሩን ስታስገባ ደረጃውን ወጣሁ። ጋሽ ሰዓት ጫማቸውን እየቦረሹ ነበር።

«ጋሽ ሰዓት፣ ዛሬ ለትንሽ ጊዜ ከቤት መውጣት አለብዎት።»

«ምነው ጣቢያ ማስተር፣ ኪራዩን ረሳችሁና እኔን ታስወጡኛላችሁ?»

«የታችኛው እንዲሠራ ነው። አጎቴ ነው ያለው። ሲጨርስ ይመልስዎታል። ሰዓቱም መደወል የለበትም፤ ከደወለ ይበጠበጣል፣ እትዬ ሹራብም ትሄዳለች።»

ሽማግሌው ብሩሹን አስቀመጡ። «እትዬ ሹራብ ትሄዳለች ነው የምትይኝ?» ወለሉን፣ ማለትም የኛን ጣራ፣ በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «እኔም እኮ ከዚህ ስር ‹እርስዎን ካላስቸገርኩ› ሲባል ስንት ቀን ሰማሁ። ባቡር እንኳ እንደዚህ አይዘገይም።»

ስለ ማሽኑ እሳቸውም መስማታቸው ገረመኝ። በብብቴ ይዘው አነሡኝ። «በይ፣ አንቺው አቁሚው። እኔ እጄ እምቢ ይለኛል፤ ከተሰቀለ ጀምሮ አቁሜው አላውቅም።» ፔንዱለሙን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር፤ ትንሽ ታገለኝና ቆመ። ባርኔጣቸውን አደረጉ።

በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መዶሻውን ሊያነሣ ሲል ደረስንበት። «አንተ ልጅ፣ ሻይ ጠጥተህ እስክትጨርስ አትምታ» አሉት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ለመኖር እየሞከሩ ነው።»

በያጁ ወደ ሱቃችን አየ፣ ሳቀ፣ መዶሻውን አስቀመጠ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከአጎቴ በስተቀር መንገዱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከአጎቴና ከእኔ በስተቀር ልበል።

ከሱቁ ደጃፍ ካለው ደረጃ ላይ ከጋሽ ሰዓት ጋር ተቀመጥን። በሩ ገርበብ ብሏል። ያ መንገድ እንዲያ ጸጥ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የጋሽ ሰዓት ትንፋሽ እንኳ ይሰማኛል። አጎቴ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ሯጩ ተንቀሳቀሰ፤ ሸርርር፣ ሸርርር፣ ወዲያ ወዲህ፣ ሳያቋርጥ። ዓይኔን በበሩ ክፍተት ላይ አደረግሁ። ከመሥሪያው ስር ጨርቁ ይወርዳል፤ የሚታየው የተዘበራረቀ ክር ብቻ ነው። እትዬ ሹራብ አወጣችው፣ ገለበጠችው። ጉጉት! ላባው ያለ፣ ጆሮው የቆመ፣ አንድ ዓይኑ ትንሽ ያፈጠጠ ጉጉት።

ልጮህ ስል ጋሽ ሰዓት አፌን ያዙኝ።

ውስጥ ሁለቱ ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል። አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ የምልዎት…» አለና ጣራውን አየ። ጠበቀ። ምንም አልደወለም። ወደ በያጁ ግድግዳ ዞረ። እዚያም ጸጥ። ጆሮው ቲማቲም መሰለ።

«እኔ የምልሽ…» አለ። «ሥራው ተገኘም አልተገኘም አትሂጂ። እወድሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች እትዬ ሹራብ።

«ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ? እኔ እኮ ስንት ጊዜ ልናገር ስል ፊትሽን አያለሁ፣ ምንም የለም፤ ስለዚህ…»

«ፊቴን ማን ጠይቅ አለህ አንተ ሰውዬ?» አለችና ስቃ ግንባሯን ትከሻው ላይ አስደገፈች።

እኔ ደከማት ብዬ አሰብኩ። «ማሽኑ ሠራ?» አልኳቸው ጋሽ ሰዓትን በሹክሹክታ። «ሠራ» አሉኝ፤ ከረሜላም ሰጡኝ። ርእሰ መምህርቷ መጣች፣ ጉጉቱን አገላበጠች፣ ዓይኑ ላይ ትንሽ ተጠራጠረች፣ ተስማማች። ብስክሌቴ በሳምንቱ ተጠገነ፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ የሹራብ ልብስ ተሠራለት።

እኔም ማሽኑን ያስነሣሁት እኔ ነኝ ብዬ አደግሁ። ለክፍል ጓደኞቼ አውርቻለሁ፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ኮሌጅ ገብቼ አሴምብሊ ስማር ነው እውነቱን ያወቅሁት። ያን ደወል ዝም የሚያሰኘው አንዲት ትእዛዝ ናት፤ አጎቴ ሐሙስ ማታ ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ጨምሯት ነበር። የጋሽ ሰዓት ሰዓት እስኪሰነጠቅ ቢደውል፣ በያጁ ቤቱን ቢያፈርሰው፣ ለማሽኑ ምኑም አልነበረም።

ባለፈው እሑድ ሄጄ ነገርኩት። አሁን ሬዲዮ የሚያስጠግን ሰው የለም፤ ሱቁ በሹራብ ተሞልቷል። አጎቴ ወፍራም መነጽር አድርጎ ክር ያጠነጥናል፣ ሚስቱ መሥሪያዋ ላይ ናት። ከግድግዳው ላይ ጋሽ ሰዓት ሲሞቱ የተዉላቸው ሰዓት ይወዛወዛል።

«ሽማግሌውን ያን ሁሉ ማንከራተት፣ ያን ሁሉ ዝምታ፣ ለምንም አልጠቀመም እኮ» አልኩት እየሳቅሁ።

አጎቴ ክሩን አስቀመጠ። ሚስቱ ሯጩን አቆመች።

«ለማሽኑ?» አለ። «ለማሽኑማ ምንም። እኔ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወይ ያ ሰዓት ይደውላል፣ ወይ ያ በያጅ ይመታል። እኔም እሰይ ተገላገልኩ ብዬ እዘጋዋለሁ። ያን ቀን ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ ምንም የሚደውል ጠፋ። ምን ላድርግ? ተናገርኩ።»